ግንቦት አንድ ሲመጣ

እንኳን ለግንቦት ልደታ አደረሳችሁ! እኔ ሩሲያ ስለተማርኩ ቀኑ ለእኔ ሁለት በዓል ነው። ሩሲያውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመንን መሸነፍ የሚያከብሩበት የድል ቀንም ዛሬ ነው። ሁሌ ንፍሮው ከመቅረቡ በፊት ወደ ተማርኩባት ከተማ ቮሮኔዥ ደውዬ የሩሲያኛ መምህሬን እንኳን አደረሰዎት እላቸው ነበር። ዘንድሮ አልደወልኩም። በጥር አረፉ።

በ1994 እ.ኤ.አ. ለከተማው አዲስ ነበርኩ። ስቲፔንዱ፣ የተማሪ አበሉ፣ ለዳቦ እንኳ አይበቃም። በድል ቀን ጠዋት መምህሬ ዶርም ድረስ መጥተው ባቡር ጣቢያው አደባባይ ወሰዱኝ፤ የጄኔራል ኢቫን ቼርንያሆቭስኪ ሐውልት ጋ። ሐውልቱም እንደ እኔ መጤ ነው፤ ከሊትዌኒያ ዋና ከተማ ከቪልኒየስ ተነሥቶ የመጣ። ቀይ አበባ አስቀመጡና ዝም አሉ። አባታቸው የጄኔራሉ 60ኛ ጦር ወታደር ነበሩ። ቮሮኔዥን ጃንዋሪ 25 ቀን 1943 ነጻ ያወጣው ያ ጦር ነው። አባትየው ግን አልተመለሱም።

ጄኔራሉ በ1907 ዩክሬን ተወለደ። እናትና አባቱን ተስቦ በ1919 ወሰደበት። ከብት ጠበቀ፣ ባቡር ሐዲድ ላይ ሠራ፣ በ1924 ቀይ ጦር ገባ። በ1944 የ3ኛው የቤላሩስ ግንባር (ግንባር ብዙ ጦሮችን የያዘ ትልቅ ክፍል ነው) አዛዥ ሲሆን በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ የግንባር አዛዥ አልነበረም። ሚንስክና ቪልኒየስ ነጻ ከወጡበት ዘመቻ መሪዎች አንዱ ነው። የሶቪየት ኅብረት ጀግና ሁለት ጊዜ ተባለ። መምህሬ ግን ኒሻኑን አያነሱም። «ወላጅ የሌለው ልጅ ነው» ነበር የሚሉት። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1945 ምሥራቅ ፕሩሺያ ውስጥ የመድፍ ፍንጣሪ ገደለው። ዕድሜው 37። ድሉ ሦስት ወር አልቀረውም።

ያን ዕለት ማታ ቤታቸው ቦርሽ፣ የቀይ ሥር ሾርባ፣ አበሉኝ። አንድ ብርጭቆ ቮድካ ሞልተው፣ ጥቁር ዳቦ ከላይ ጣል አድርገው፣ ጠረጴዛው ጥግ አኖሩት። የአባታቸው ነው፤ ማንም አይነካውም። እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም በየልደታው ከሰሜን ጦርነት ላልተመለሰው ወንድሜ ንፍሮ ታስቀምጥለታለች። ይህን ስነግራቸው እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ኪየቭና ካርኮቭ የተማራችሁ ጓደኞቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ቮሮኔዥን ነጻ ያወጣው ጄኔራል የዩክሬን ልጅ ነው። ዛሬ ሁለቱ አገሮች ሲተላለቁ ልቤ አልችል ይላል። መምህሬም ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ለዚህ ነበር ያለቀሱት። ልጃችሁን ከጦር ሜዳ የምትጠብቁ እናቶች፣ እዚህም እዚያም፣ በሰላም ይግባላችሁ።

በዚያ ክረምት ድንችና ብርድ ልብስ ያካፈላችሁኝ የዶርም ልጆች፣ አልረሳኋችሁም።

ዘንድሮ አበባውን አደባባዩ ላይ የምታስቀምጠው ልጃቸው ናት። እኅቴ፣ አመሰግንሻለሁ። አንዷን አበባ ለእሳቸው መቃብር አስቀሪልኝ።