አቶም ሲደመር አቶም… ባዶ?

ዛሬ የእህቴን ልጅ ፊዚክስ ሳስጠና አንዲት ጥያቄ አፌን አስያዘችኝ።

ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አሳየኋት። በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤም.አይ.ቲ. ሙከራ ነው። የፊዚክስ ተመራማሪው የቮልፍጋንግ ኬተርሌ ቡድን በሌዘር ለሁለት በተከፈለ ወጥመድ ውስጥ የሶዲየም አቶሞችን ፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች መቀዝቀዝ የማይቻልበት ሙቀት) ሊደርሱ ጥቂት እስኪቀራቸው አቀዘቀዘ። ከዚያ ለቀቃቸው። ሁለቱ የአቶም ደመናዎች እየወደቁ ሰፉ፤ ተደራረቡ።

ፎቶው ላይ ግን ወጥ ደመና የለም። መስመር፣ ክፍተት፣ መስመር፣ ክፍተት። ልክ እንደ ጥለት። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 15 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ።

«ክፍተቱ ምንድን ነው?»

«አቶም እምብዛም የሌለበት ቦታ።»

«አጎቴ፣ ከሁለቱም በኩል አቶም እየመጣ እንዴት ባዶ ይሆናል?»

ዝም አልኩ። ቡናዬም ቀዘቀዘ።

በሙከራው ቅዝቃዜ አቶሞቹ በየፊናቸው አይሮጡም፤ ደመናው በሙሉ እንደ አንድ ሞገድ ነው የሚሄደው። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ሲገጥም ይጣፋሉ። አቶሞቹ ግን የትም አልጠፉም፤ ጎረቤት መስመር ላይ ታጭቀዋል።

እኔ «ቁስ ሞገድም ነው» የሚለውን ሸምድጄ ነው ፈተና ያለፍኩት። ክፍተቷን ግን አንድም ቀን አላየኋትም።

እሷ ደብተሯ ላይ ሥላ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከበበቻት።