አልለቅ ያለ የፊት ፍሬን፦ ግፊቱ የታሰረበትን ቦታ ፍለጋ

በአሮጌዋ መኪና እድሳት አሁን ፍሬኑ ላይ ነኝ። የፊቱን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋበትን ክብ ፍሬን) አውጥቼ ዲስክ (ሸራው ከሁለት በኩል የሚጨብጠውን ክብ ብረት) ካስገባሁ ወዲህ ፔዳሉ ጥሩ ይይዛል፤ እግሬን ሳነሳ ግን የፊት ጎማዎቹ አይለቁም። ትንሽ ስነዳት ዲስኮቹ ይግላሉ።

እንዲህ ሲሆን ብዙዎች ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ለመቀየር ይቸኩላሉ። በእኔ እምነት መጀመሪያ መለየት ያለበት ካሊፐሩ ራሱ ነክሶ እንደሆነ ወይም መስመሩ ውስጥ ግፊት ታስሮ እንደሆነ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስታችሁ፣ ጎማው እንደተያዘ፣ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቪቴ በትንሹ ፍቱት። ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ከለቀቀ ችግሩ ከካሊፐሩ በላይ ባለው መስመር ነው። የእኔ ወዲያው ለቀቀ።

ከዚያ በየደረጃው ፔዳሉን እንደገና እየረገጥኩ ወደ ላይ ሄድኩ። ወደ ካሊፐሩ የሚገባው የላስቲክ ቱቦ ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ስፈታ ጎማው ለቀቀ፤ ስለዚህ የላስቲክ ቱቦው ነጻ ነው። ይህን መዝለል አይገባም፤ ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሲያብጥ ዘይቱን አሳልፎ መመለሻ ይከለክለዋል። ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ መስመሩ የሚገፋው ክፍል) መውጫ ላይ ስፈታም ለቀቀ። ግፊቱ የታሰረው እዚያው ማስተሩ ውስጥ ነው ማለት ነው።

እዚያ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። ከፔዳሉ የሚመጣው የመግፊያ ዘንግ ከረዘመ የማስተሩ ፒስተን እስከ መጨረሻው ስለማይመለስ የዘይት መመለሻዋን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። የማስተሩን ማሰሪያ ብሎኖች አላልቼ ከዘንጉ ባርቀውም ጎማው እንደተያዘ ቀረ። የቀረው ከመውጫው ጀርባ የተቀመጠው የግፊት ማቆያ ቫልቭ ነው። ማስተሩ የተሠራው ለታምቡር ስለሆነ ቫልቩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ግፊት መስመሩ ውስጥ ያስቀራል። ታምቡር ላይ ጠንካራ ስፕሪንግ ሸራውን ስለሚስበው ችግር የለውም። ዲስክ ግን መመለሻ ስፕሪንግ የለውም፤ የካሊፐሩን ፒስተን በጥቂቱ የሚስበው የላስቲክ ማኅተሙ ብቻ ስለሆነ ያ ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ ለማቆየት ይበቃል።

የፊቱን መስመር ቫልቭ አወጣሁት፤ የኋላው ታምቡር ስለሆነ የእሱን አልነካሁም። ማስተሩ ከወለሉ ሥር፣ ከካሊፐሮቹ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ዘይቱ በስበት ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለፊቱ የ2 ፒኤስአይ ቫልቭ ገጠምኩ። አየሩን ካስወጣሁ በኋላ ጎማዎቹ በእጅ ይዞራሉ፤ የሚሰማው ቀላል የሸራ መታከክ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የኋላው የብረት ቱቦ አለ፤ ዝጎታል። በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ቱቦ ልቀይረውና ጫፎቹን በድርብ እጥፋት (ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ በማስፋት) ልሠራቸው ነው። ንጹህ መዳብ በንዝረት ስለሚደክም ለፍሬን አልጠቀመውም።