ፊልሙ ይሻላል

ትናንት ማታ ሰው ላይ በድብቅ መድኃኒት የሚሞክር ሐኪም ያለበት ፊልም ሳይ አመሸሁ። "አጋነኑት" ብዬ ተኛሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ተስኪጊ፣ የአሜሪካ መንግሥት ሐኪሞች ሰው ላይ ስላካሄዱት ጥናት፣ አነበብኩ። ምሳዬን አልጨረስኩም።

አላባማ፣ እንደ ፈረንጆቹ 1932። ቂጥኝ ያለባቸው 399 ጥቁር ወንዶች። "ደማችሁ ተበላሽቷል" ተባሉ እንጂ በሽታቸው አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ሲመጣም ከለከሏቸው። የተፈለገው በሽታው እስከ ሞት ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር። በምትኩ ነፃ ምሳ፣ ነፃ ትራንስፖርት፣ የቀብር ወጪ። የቀብር! እኛ እድር የምንከፍለው በብር ነው። እነሱ ሬሳቸው ለምርመራ እንዲከፈት ፈቅደው ነው። ጉዱ በ1972 ጋዜጣ ላይ እስኪወጣ 40 ዓመት ቀጠለ።

ከሰዓት የደም ምርመራ ነበረኝ። "ሲስተር፣ ይሄ ደም ለምንድነው?" አልኳት፣ ሦስቴ።

"ለስኳር ነው አልኩህ እኮ!"