«አልተሳካም» ከማለታችን በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የንግድ ድርጅት የክፍያ መቀበያ ሥርዓት ስንሠራ፣ ከሌላ ተቋም የክፍያ አገልግሎት ጋር የሚነጋገረውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ኮዱ ጥያቄ ይልካል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልመጣለት «ክፍያው አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልእክት ለደንበኛው ያሳያል። አንድ ቀን ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ዋለ። በማግስቱ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዶቹም ሦስት ጊዜ የከፈሉ ደንበኞች ይደውሉ ጀመር። ገንዘቡ ከሂሳባቸው ወጥቷል፤ የእኛ ዳታቤዝ ግን «አልተሳካም» ይላል። ደንበኞቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር የጻፍኩትን መልእክት አንብበው መታዘዝ ብቻ ነበር።

ስህተቴ «ምላሽ አላገኘሁም» እና «ሥራው አልተሠራም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች እንደ አንድ መቁጠሬ ነው። ታይምአውት (የመጠበቂያው ጊዜ ማለቅ) የሚነግረን እኛ መጠበቅ ማቆማችንን እንጂ ጥያቄያችንን የሚያስተናግደው ሰርቨር መሥራት ማቆሙን አይደለም።

ሰርቨሩ በግልጽ እምቢ ሲል ነገሩ ቀላል ነው። ከምላሹ ጋር የሚመጣው ባለሦስት አኃዝ የሁኔታ ኮድ 400 ወይም 422 ከሆነ የላክነው መረጃ ጉድለት ስላለበት ያንኑ መቶ ጊዜ ደጋግሞ መላክ ጥቅም የለውም፤ 401 ከሆነ ደግሞ ቶክኑን (የመግቢያ ፈቃዱን) አድሶ አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይበቃል። ከ400ዎቹ መካከል ለየት የሚለው 429 ነው፤ «ጥያቄ አበዛህ፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም የመቆያውን ልክ ሪትራይ-አፍተር በሚባለው ሄደር (ከምላሹ አካል በፊት በሚመጣ የመረጃ መስመር) ይዞ ይመጣል። በዚህ ሄደር ውስጥ የሚጻፈው የሰከንድ ቁጥር ወይም ሙሉ ቀንና ሰዓት ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥር ብቻ የሚጠብቅ ኮድ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም።

በሰርቨሩ በኩል ችግር መኖሩን ወደሚናገሩት 500ዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። 502 እና 504 የሚመጡት በመሐል ካለው ጌትዌይ (ጥያቄውን ተቀብሎ ከሚያስተላልፈው ሰርቨር) እንጂ ከዋናው አገልግሎት ላይሆን ስለሚችል፣ የምላሹ አካል ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሳይሆን ለድረ ገጽ የሚያገለግል የኤችቲኤምኤል ገጽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ክላየንታችን (ጥያቄውን የሚልከው ፕሮግራም) የሁኔታ ኮዱን ሳያይ አካሉን እንደ ጄሰን ሊተረጉም ከሞከረ ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) በጄሰን ስህተት ይሞላል፤ እውነተኛው ምክንያትም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱን፣ ቀጥሎ የይዘቱን ዓይነት፣ ከዚያም አካሉን ማየት ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ ግን 504 ራሱ «ከኋላዬ ያለው በጊዜው አልመለሰልኝም» ማለት በመሆኑ፣ ከታይምአውት የሚለይበት ነገር የለም፤ ክፍያው ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል።

የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎችም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የጃቫስክሪፕቱ ጥያቄ መላኪያ፣ ፌች፣ 404 ወይም 500 ሲመጣ ስህተት አይወረውርም፤ ኮዱ ከ200 እስከ 299 መሆኑን ራሳችን ማጣራት አለብን። በፓይተን ጥያቄ ለመላክ የሚያገለግለው ሪኩዌስትስ ደግሞ እኛ ካልወሰንንለት በስተቀር ታይምአውት የለውም። «ተሳክቷል» የሚለውን 200 ልከው በአካሉ ውስጥ «አልተሳካም» የሚሉ አገልግሎቶችም አሉ፤ እነዚህን አልወዳቸውም፣ ግን አብሮ ከመኖር ውጭ ምርጫ የለንም። የስህተት አካል በጄሰን እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግገው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 9457፣ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፣ ከእሱ በፊትም በ2016 የወጣው 7807 ነበር፤ ይህን ደንብ የሚከተል አገልግሎት ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ክስተት በኋላ (ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም) ኮዱን እንደገና ጻፍኩት። ጥያቄው ከመላኩ በፊት ልዩ መለያ ቁልፍ ይፈጠርና በዳታቤዛችን ይመዘገባል፤ ያ ክፍያ በተላከ ቁጥርም ይኸው ቁልፍ አብሮት ይሄዳል። ቁልፉን የሚያውቅ አገልግሎት ጥያቄው ሲደገምበት የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል እንጂ ገንዘብ ዳግመኛ አይቆርጥም። ቁልፉን በመደጋገሚያው ሉፕ ውስጥ የሚፈጥር ኮድ አይቻለሁ፤ በየሙከራው አዲስ ቁልፍ ስለሚወጣ ከናካቴው ባይኖር ይሻላል። አገልግሎቱ እንዲህ ያለ ቁልፍ ካልተቀበለ ግን ክፍያውን በራሴ ሰርዤ ወይም ደግሜ አልልክም፤ «በመጣራት ላይ» ብዬ እመዘግብና በማጣቀሻ ቁጥሩ ውጤቱን እጠይቃለሁ። ሙከራዎቹንም 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያልኩ አራርቃቸዋለሁ፤ ክላየንቶች ሁሉ በአንድ ቅጽበት እንዳይመለሱም ጥቂት የዘፈቀደ ጊዜ እጨምርበታለሁ።

ለደንበኛው የሚታየው ጽሑፍ አሁን «የክፍያዎን ውጤት እያጣራን ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» ይላል። ለሙከራም አንዲት ትንሽ የውሸት ሰርቨር ጽፌአለሁ፤ ጥያቄውን ትቀበላለች፣ ክፍያውን ትመዘግባለች፣ ከዚያም አንዲት ፊደል ሳትመልስ መስመሩን ትዘጋለች። የድሮውን ኮድ በእሷ ላይ አስኬጄ መልእክቱ እንዳዘዘኝ አንድ ጊዜ እንደገና ስሞክር ሁለት ክፍያ ተመዘገበ።