ሞንታርቦ፣ የጎን ክፍል ጫጫታና የጣና ዳር እንቅልፍ

ሐይቅ ዳር ክፍል የያዘ ሰው ጸጥታውም አብሮ የተከፈለበት ይመስለዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጥሩ ዕይታ ያለው ግቢ የሰርግ ግቢም ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው፣ ሞንታርቦው የሚደረደረው፣ ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሱት እዚያው ውኃው አጠገብ ሳሩ ላይ ነው። ዋጋው የሚወደደው ክፍል ደግሞ ለዚያ ሳር ይበልጥ የቀረበው ነው። ስለዚህ የእንቅልፉ ነገር የሚቆረጠው ሌሊት በር እያንኳኩ ሳይሆን ቁልፍ ከመቀበል በፊት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት፣ ከጥር 11 በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባለው ሚያዝያና ግንቦት ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ በፍልሰታም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ እንዲሁ። ጾም ግን ዋስትና አይሆንም፤ የሌላ እምነት ሰርግ፣ ልደት፣ የመሥሪያ ቤት ሥልጠና ጾም አይጠብቅም። ሥልጠና ደግሞ ቀን ቀን ዝም ያለ ሆኖ የመዝጊያው ዕለት ማታ የሚፈነዳ ነገር ነው። "ሰርጉ እኮ ትናንት አለቀ" ከተባላችሁ "መልሱስ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

በስልክ "ጸጥ ያለ ክፍል አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። "አለን" ነው የሚሏችሁ። የሚጠቅመው አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ጥያቄ ነው፦ በዚያ ዕለት አዳራሹ ወይም ሳሩ ተይዟል? ሙዚቃው በስንት ሰዓት ይጠፋል? ጀነሬተሩና የውኃ ፓምፑ በየት በኩል ናቸው? ክፍሉ ከጎኑ ካለው ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመሃል በር አለው? ሰዓት ሳይጠሩ "ብዙም አያመሹም" ካሏችሁ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንደሆነ ቁጠሩት። የመሃል በር ያለውን ክፍል ደግሞ ቤተሰብ ካልሆናችሁ በፍጹም አትቀበሉ፤ ግድግዳው ምንም ያህል ቢወፍር ያ ስስ የእንጨት በር ሳሉንም ወሬውንም ያሳልፋል።

"ራቅ ያለ ክፍል ስጡኝ" ማለት ጥሩ ነው፤ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግን ሒሳቡን ማየት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከሞንታርቦው 10 ሜትር ላይ 90 ዲሲቤል ከሆነ፣ 20 ሜትር ላይ 84፣ 40 ላይ 78፣ 80 ላይ 72፣ 160 ሜትር ላይ 66 ይሆናል። ደህና የተዘጋ መስኮት 25 ዲሲቤል ያህል ቢቀንስ ክፍል ውስጥ 41 ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል የሚመክረው 30 ነው። ግቢው ምን ቢሰፋ ከመድረክ 160 ሜትር የሚርቅ ክፍል ያለው ስንቱ ነው? በርቀት ብቻ አትመኩ። በክፍላችሁና በመድረኩ መካከል ሌላ ሕንፃ መኖሩ ይበልጣል፤ መስኮቱ ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያይ ከሆነም ትልቅ ነገር ነው።

ሐይቁ ራሱ አንድ ጠባይ አለው። ውኃው ለጥ ያለ ነው፤ ድምፅ የሚመክት ግንብ የለበትም። ማታ ደግሞ መሬቱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ይገለበጥና ከከተማው ወደ ውኃው ይነፍሳል፤ ድምፅም ነፋሱን ተከትሎ ይመጣል። ቀን ክፍሉን ስታዩ ያልነበረ ሙዚቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መስኮታችሁ ላይ ሲደርስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ፎቅ ከሆነ የላይኛውን ምረጡ። ሴራሚክ ወለል ላይ የሚጎተት ወንበርና የተረከዝ ጫማ ከሙዚቃ ይብሳል፤ ከላይ ማንም ከሌለ ያ ይቀራል። በክረምት ግን፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የላይኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ራሱ ጎረቤት ይሆንባችኋል። በቱኩል መልክ የተሠሩት ክፍሎች ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ ሁለት ክፍል በአንድ የሣር ክዳን ሥር ከሆነ ግን ቀና ብላችሁ መካከለኛው ግድግዳ እስከ ክዳኑ መድረሱን እዩ። ካልደረሰ የምትተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ የምታዩት ሻንጣ ሳይፈታ ነው። ክፍል ለመቀየር ቀላሉ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው እንግዳ ሳይገባ ነው፤ ማታ 5 ሰዓት ላይ "ሞልቷል" ሲሏችሁ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መስኮቱን ዝጉና ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ጥግ ላይ በጣት ሲገፋ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ድምፅም እዚያው ይገባል።

እንግዲህ ሁሉን አድርጋችሁም የጎን ክፍሉ ሞቅ አለ እንበል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ግድግዳ በመደብደብ ነው። የተደበደበ ግድግዳ ጭብጨባ ይመስላቸዋል፤ ካልመሰላቸውም ንቀት ነው። ራሳችሁ ሂዱ ወይስ ሪሰፕሽን ደውሉ? ቤተሰብ ወይም የጓደኛ ስብስብ ከሆነና ሰዓቱ ከ5 ካላለፈ ራስ መሄድ ይሻላል፤ መጠጥ የገፋበት ስብስብ ከሆነ አትሂዱ። ልብስ ለብሳችሁ፣ ነጠላም ጣል አድርጋችሁ ሂዱ፤ በፒጃማ የመጣ ሰው ተናዶ የመጣ ይመስላል። በሩን የከፈተው ወጣት ቢሆንም ከውስጥ ታላቅ ሰው ካለ ሰላምታው ለእሳቸው ነው፦

"እንዴት አመሹ አባቴ? ደስታችሁን ልበጠብጥ አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለዘጌ ጀልባ ይዘናል፤ ድምፁን ትንሽ ብትቀንሱልን?"

ምክንያቱ እውነት ይሁን፣ አጭርም ይሁን። "ሰው እኮ ነን" ብሎ መጀመር ክርክር ይጠራል። የሚመጣው ምላሽ ደግሞ የታወቀ ነው፦ "ግቡ እንጂ! ቅመሱ!" እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ" ብሎ ፈጥኖ ይመለሳል። አትቸኩሉ። በሩ ላይ ቆማችሁ አንድ ጉርሻ ተቀበሉ፣ መርቁ፣ ከዚያ ልመናውን አንድ ጊዜ ድገሙት። ጉርሻ የሰጣችሁ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጆቹን "ኧረ ቀንሱ፣ ሰው ተኝቷል" የሚለው ራሱ ነው። መቀመጥ ግን የለም፤ ከተቀመጣችሁ አንዱ ጫጫታ እናንተ ናችሁ።

ሰርገኛ ከሆነ ሙሽራው ጋ አትሂዱ፤ አይሰማም፣ ቢሰማም በዚያ ሌሊት የሚያዝበት ነገር የለም። ሚዜውን ፈልጉ። ከዲጄውም፣ ከቤተሰቡም፣ ከሆቴሉም ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው።

ሪሰፕሽን ስትደውሉ ደግሞ "እነዚህን ሰዎች ዝም አሰኙልኝ" አትበሉ፤ ተረኛው ወጣት ከደንበኛ ጋር መጣላት አይፈልግም። ሊያደርገው የሚችለውን ጠይቁት፦ "ክፍል 12 ነኝ። ከ4 ሰዓት ጀምሮ ከክፍል 14 ሙዚቃ አለ። ጥበቃ ልካችሁ እንዲቀንሱ አድርጉ፤ በ15 ደቂቃ ካልተቀነሰ በሌላ በኩል ያለ ክፍል አዘጋጁልኝ።" "እሺ፣ አሁን ይጨርሳሉ" ይላችኋል። ይህ "አሁን" ሰዓት የለውም፤ "በስንት ሰዓት?" በሉ፣ የተረኛውን ስም ጠይቁ፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትደውሉ ለእሱ ሳይሆን ለምሽቱ ተረኛ ሥራ አስኪያጅ ይሁን።

የሳሩ ሞንታርቦ ከሆነ ችግሩ "ድምፁን ቀንሱ" ሳይሆን "ቤዙን ቀንሱ" ነው። 50 ኸርዝ ላይ ያለ የቤዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ የሆቴል ግድግዳ አያስቆመውም። ዘፈኑ ሳይሰማ ዱም ዱሙ ብቻ አልጋ የሚነቀንቀው ለዚህ ነው። ዲጄው ቤዙን ትንሽ ቢቀንስ የሚጨፍረው ሰው ልብ ላይለው ይችላል፤ እናንተ ግን ትተኛላችሁ። ሞንታርቦው የግንብ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ጥጉ ቤዙን ያጎላዋል፤ አንድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ማድረግም ይረዳል። ዲጄው ይህን ያውቃል፤ የሚነግረው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የቅዳሴና የአዛን ድምፅ ግን ቅሬታ የሚቀርብበት አይደለም። የባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ሐይቁ ዳር ነው፤ በዚያ አካባቢ የምታርፉ ከሆነ ወር በገባ በ23፣ ይልቁንም ሚያዝያ 23 ዋዜማ፣ ሌሊቱ የማኅሌት መሆኑን አውቃችሁ ግቡ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊትም እንዲሁ።

ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገርም አለ። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ከሥሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካለው፣ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ ተከፍቶ ያደረ ማለት ነው። ትልቁን ፎጣ ርዝመቱን አጥፋችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ወትፉት። የአልጋው ራስጌ የጋራው ግድግዳ ላይ ከተጠጋ 30 ሳንቲ ሜትር ሳቡት፤ ካልተንቀሳቀሰ ራስጌና ግርጌውን ቀይራችሁ ተኙ። መስኮት ሲዘጋ በሚያዝያ ይሞቃል፤ ቬንቲሌተር ጠይቁ፤ የማይቆራረጥ ጉምጉምታው ወሬውንና ሳቁን ይሸፍናል። በጫጫታውና በጭንቅላታችሁ መካከል አስቀምጡት እንጂ ግድግዳ ላይ አታስጠጉት። ከሞቀ ብላችሁ መስኮት ከከፈታችሁ ግን አጎበሩን አውርዱ፤ ባሕር ዳር የወባ አገር ነው።

የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ከቤት ይዛችሁ ኑ። ጥጥ መወተፍ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይቀንስም። ስፖንጁም በትክክል ካልገባ ያው ጥጥ ነው፦ በንጹሕ ጣት እንደ ክር እስኪቀጥን አሽከርክሩት፣ በተቃራኒው እጅ ከራስ በላይ ዞራችሁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡና እስኪሰፋ 30 ሰከንድ በጣት ያዙት። ስትናገሩ የራሳችሁ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ከሆነ ገብቷል። ለሰው ድምፅ ግሩም ነው፤ ለቤዝ ብዙም አይረዳም። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት።

ሕግም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅ ይከለክላል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ይህ ግን ዓመት ሙሉ ሞንታርቦ አጠገቡ ለሚኖር የሠፈሩ ነዋሪ እንጂ ለሁለት ሌሊት እንግዳ አይደርስም።

እንግዳው የሚያገኘው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ነው። ጠዋት የጻፋችሁትን ሰዓትና ስም ይዛችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ። "ገንዘቤን መልሱ" ብዙ ጊዜ አይሠራም። ቅናሽ፣ ለቀጣዩ ሌሊት የተሻለ ክፍል፣ ወይም ከቀኑ 6 ሰዓት ይልቅ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ጠይቁ። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ነው የምመርጠው፤ ለሆቴሉ ወጪ ስለሌለው ቶሎ ይፈቅዳሉ፣ ሰርገኛውም ሄዷል።