ለቅዱስ ዮሐንስ የተቀመጠ ጤፍ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሳችሁ! ከዘመን ዘመን ያሸጋገረን አምላክ ይክበር ይመስገን። ይህን የምጽፍላችሁ ጎንደር ከተማ ሆኜ ነው፤ ልቤ ግን ከጳጉሜን ሩፋኤል ጀምሮ ወደ ጣና ዳሩ ገጠር፣ ወደ ደንቢያ ወርዷል።

መስከረም ሲጠባ የደንቢያን ሜዳ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጤፉ ለምልሟል፣ ኑጉ ሊያብብ ዳር ዳር ይላል፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውኃውን ማጠንፈፍ ይጀምራል። እኛ ከተሜዎች በዓል ብለን ስናርፍ ገበሬው እርጥበቱ ሳያመልጠው ሽምብራና ጓያ ለመዝራት በሬዎቹን ሊጠምድ ይሰናዳል።

በዚያ ላይ መስከረም ጎተራው የሚራቆትበት ወር ነው። ያምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። አያቴ ለቅዱስ ዮሐንስ የሚሆነውን ጤፍ ከሰኔ ጀምራ ለብቻው ለይታ ታስቀምጥ ነበር። ክረምቱ ቢጠናም፣ እኛ ልጆቹ ብንነጫነጭም አትነካውም። የበዓሉ ዕለት ግን በሩ ክፍት ነው፤ መንገደኛም ቢሆን ሳይበላ አያልፍም። እንዲህ ያለ ቸርነት ከተማ ከገባሁ ወዲህ ብዙ አላየሁም። ከሁሉ የሚናፍቀኝም እሱ ነው።

እንግጫ የሚባለው የበዓል ሣርም ይናፍቀኛል። በዋዜማው ልጃገረዶች ተሰብስበው ወደ መስኩ ይወርዳሉ፤ ከነሥሩ ነቅለው፣ ጭቃውን አጥበው፣ ማታ በምድጃው ብርሃን እየዘፈኑ ይጎነጉኑታል። ሲነጋ ምሰሶው ላይ ይታሰራል፣ የሞሰቡ ጫፍ ላይ ይታሰራል፣ እናት ራስ ላይም ይደረጋል። እናትም እጇን ዘርግታ ትመርቃለች።

ጎንደር የነገሥታት ከተማ ናት፤ እኮራባታለሁ። ነገር ግን አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሯት፣ ግንቡን ያነጸውን ሠራተኛ የቀለበው የባላገሩ ሞፈር ነው። ዛሬም የገበያችን ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ከዚያው ይመጣል። እናም የባላገር ልጅነታችን በበዓል ጥበብ ለብሶ ፎቶግራፍ መነሣት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ናፍቆታችን ብቻውን ለአገር ቤት ሰው ምን ይፈይድለታል? ማዳበሪያ ሲጠፋበት፣ መንገድ ሲዘጋበት፣ ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ሲያቅተው ነው ዘመድነታችን መታየት ያለበት።

በጸጥታው ምክንያት ዘንድሮም ወላጆቹ ዘንድ መውረድ ያልቻለ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የምትችሉ ሂዱ፤ ያልቻላችሁ ደውሉ። ስትደውሉም አትቸኩሉ፤ ዝናቡ እንዴት እንደከረመ፣ የትኛዋ ላም እንደወለደች፣ ጎረቤት ማን እንደታመመ እስኪያወሩላችሁ ድረስ ታገሡ። ልጆቻችሁንም አቅርቡላቸው፤ ይመርቋቸው።

ሰላሙን ያውርድልን፣ አዝመራውን ከበረዶና ከአንበጣ ይጠብቅልን። የዓመት ሰው ይበለን!