«ፊትሽ ሞላ፣ አሜሪካ ተስማማሽ» ለምትሉኝ

ጓደኞቼ በቪዲዮ ባዩኝ ቁጥር «ፊትሽ ሞላ፣ ተመችቶሻል» ይሉኛል። ፊቴን የሞላው ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ነው። ወንድሜ ኩላሊቱን ከሰጠኝ ወዲህ ሰውነቴ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው የመከላከል አቅሜን የሚያደክም መድኃኒት ጠዋት ማታ እውጣለሁ። የመከላከል አቅም ሲደክም ደግሞ ብዙ ነገር በቆዳ ላይ ይወጣል፤ ጭርት፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ካንሰርም ጭምር።

እኔን የያዘኝ እግሬን ነው። ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ የማያሳክክ፣ የማያም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ። ክሊኒኩ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ የፈረንጅ ቆዳ ናቸው፤ በጠይም እግር ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድም የለም። የፀሐይ ክሬም ተቀቢ ብለው ሸኙኝ።

የኛ ሰው ግን ወዲያው «አወቀው»። ክርስትና ቤት ከአንድ ትሪ እየበላን ሳለ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት እግሬን አዩና እጃቸውን ሰብስበው ሌላ ሳህን አስመጡ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያችን ዝምታ እስካሁን አልረሳኋትም። ወሬው ከተማውን ለመዞር ሳምንት አልፈጀበትም፦ «ኤችአይቪ አለባት»። ያ ምልክት አገር ቤት በዚያ በኤድስ ክፉ ዘመን የታየ ስለሆነ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከነጠብጣቡ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ካፖሲ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ሆነ። ኤችአይቪ የለብኝም። አምጪው ሌላ ቫይረስ ነው፤ በአፍሪካም በሜዲትራኒያን አካባቢም ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፣ መከላከያው ሲደክም ይነሣል። ሐኪሟ መከላከያዬን የሚያደክመውን መድኃኒት ከታክሮሊመስ ወደ ሲሮሊመስ ቀየረችልኝ። ነጠብጣቡ እየደበዘዘ ነው፣ የወንድሜም ኩላሊት እየሠራ ነው።

«እኔም መጥቼ ኩላሊት ልቀየር» የምትሉኝ፣ በጉብኝት ቪዛ የሚመጣን ሰው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) አይሸፍነውም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ጀምሯል፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። የትም ብትቀየሩ ግን መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው። በኛ ቆዳ ላይ የቆዳ ካንሰር ፀሐይ በማያገኘው ቦታም ይወጣልና የእግር መዳፋችሁን፣ ጥፍራችሁን፣ አፋችሁን፣ የምታፍሩበትንም ቦታ እዩ። አዲስ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የማይድን ቁስል ካገኛችሁ፣ ሐኪሙ ገና ሳይጠይቃችሁ «ኩላሊት ተተክሎልኛል፣ ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ» ብላችሁ ጀምሩ።